ጢን እስኪል ድረስ

የባንክ ሠራተኛው ኦላባንጂ አማላ የሚሉትን የቦዬ ዱቄት ገንፎ ከሁለት ቁራጭ የከብት ቆዳና ከአንድ የዓሣ ጭንቅላት ጋር አጣጥሞ በላ። እጁን ታጠበ፣ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ናይራ ከስልኩ ላከና ሊሄድ ተነሳ።

«ወዴት ነው፣ ኦጋ ጌታው?» አለችው የምግብ ቤቷ ባለቤት ኢያ ሲኬሚ።

«ልኬያለሁ እኮ፣ ኢያ። ይኸው፣ ‹ተሳክቷል› ይላል።»

«ያንተ ስልክ ነዋ የሚለው። የእኔ ጢን አላለም።»

በኢባዳን ምግብ ቤቶች ሕጉ አንድ ነው፤ የሻጭ ስልክ ጢን ሳይል የበላ ሰው ከወንበሩ አይነሳም። ሹምም ቢሆን፣ ፓስተርም ቢሆን። ፓስተሮቹማ በተለይ ይጠበቃሉ።

ኢያ ሲኬሚ ስልኳን ከመቀነቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ዝም አለ። እሷም ሰውየውን ትኩር ብላ አየችው። ከአሥራ ሰባት ቀን በፊት የቦዬ ዱቄት ልትገዛ በካርድ ስትከፍል ማሽኑ «አልተሳካም» አለ፤ ባንኩ ግን አርባ ስድስት ሺህ ናይራዋን ቀነሰ። ዱቄቱም ገንዘቡም ቀረ። ከዚያ ወዲህ መንገዱን ወደ ማዶው ባንክ እየተሻገረች ይህንኑ ኦላባንጂን ስትለምን ከረመች። አንዴ «ሃያ አራት ሰዓት ይጠብቁ»፣ አንዴ «አምስት የሥራ ቀን»፤ ቀጥሎ የሒሳብ መግለጫ አምጪ ተባለችና ለወረቀቱ አስከፈሏት። በመካከሉ ባንኩ ለመልእክት ስድስት ናይራ መቁረጡን የሚገልጽ መልእክት ይልካል፤ ለዚያም ስድስት ናይራ ይቆርጣል።

ዛሬ ጠዋት የመጨረሻውን ጆንያ አራግፋ ነበር ያገነፋችው። ነገ ምድጃዋ ሊጦም ነው።

«ኢያ፣ ስብሰባ አለኝ» አለ ኦላባንጂ። «አለቃችን ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ።»

«አቤቱታህ ደርሶናል። ሃያ አራት ሰዓት ጠብቅ።»

ጥጉ ላይ የሚበላው ባለታክሲ ካሞሩ ሳቁ ከጉርሻው ጋር ተናነቀው። «የሥራ ሰዓት በዪው እንጂ!»

«እሺ፣ ከማሽናችን ጥሬ ገንዘብ አውጥቼ ልምጣ።»

«ማሽናችሁ? እሱማ ከሰኞ ጀምሮ ጾም ላይ ነው!» አለ ካሞሩ።

ኢያ ሲኬሚ እጇን ዘረጋች። «ባጅህን አምጣ።»

አውልቆ ሰጣት። ከጭልፋዎቹ ጎን ምስማር ላይ ሰቀለችው።

«ያለሱ እኮ ዘበኛው አያስገባኝም!»

«እኔንም ‹ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ› ብሎ መልሶኛል። ዛሬ አንተም ትሸታለህ።»

ኦላባንጂ ሰዓቱን አየ፤ ድምፁ ቀነሰ። «ምን ይሻላል፣ ኢያ?»

«ወይ ጠብቅ፣ ወይ ደውልና የእኔን አቤቱታ ፈልግ።»

ደወለ። «ቲቶ፣ የማዶዋን ባለምግብ ቤት አቤቱታ አውጪልኝ... ተዘግቷል? እንዴት ተዘጋ? ማን ዘጋው?» ከዚያ አዳመጠ። አንገቱን ደፋ።

«ማን ዘጋው፣ ኦጋ?» አለ ካሞሩ።

«እኔ» አለ። «‹ደንበኛዋ ረክታለች› ብዬ።»

ኢያ ሲኬሚ ትልቁን ጭልፋ ከምስማሩ አወረደች። ማኘኩ ሁሉ ቆመ።

«እንግዲያው እንደገና ሲከፈት» አለች፣ «‹ደንበኛዋ ጭልፋ ይዛለች› ብለህ አስጽፍ።»

አስጻፈ። ሌላም ሁለት ቦታ ደወለ፤ የመጨረሻውን ሰው «በእናትህ» ብሎ ለመነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስልኳ ጢን አለ። አርባ ስድስት ሺህ። ሁለት ጊዜ አነበበችውና ባጁን አውርዳ ሰጠችው። «ሂድ፤ የምሳህን ሲደርስ አገኘዋለሁ።»

ሰውየው መንገዱን መሻገር ጀምሮ ሳለ ስልኳ ደግሞ ጢን አለ። የመልእክት ተቆራጭ፣ ስድስት ናይራ።

«ኦጋ! ና ወዲህ!»

ኦላባንጂ የባጁን ገመድ በጥርሱ ነክሶ ሮጠ። ዞርም አላለ።

ኢያ ሲኬሚ ድስቷን ከድና ገበያ ወረደች። ለዱቄት ነጋዴዋ ገንዘቡን በስልኳ ላከችና ጆንያውን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

«ወዴት ነው?» አለች ነጋዴዋ። «የእኔ ጢን አላለም።»

ሕግ ሕግ ነው፤ ኢያ ሲኬሚ አልተከራከረችም። ግን ሽርጧን ሰብስባ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። «እሺ። እኔም ከዚህ አልነሳም።»

ገበያው እስኪሳሳ ሁለቱም ተፋጠው ቆዩ። ጢን ሲል ሁለቱም ስልካቸውን አፈፍ አደረጉ። የኢያ ሲኬሚ ነበር፤ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ፣ የባንከኛው ምሳ።

«የኔ ነው» አለች።

«በይ ተመቻቺና ተቀመጪ» አለች ነጋዴዋ።

በመጨረሻ የነጋዴዋም ጢን አለ። ኢያ ሲኬሚ መቀመጫዋ በዱቄት እንደነጣ ተነሳች፤ ሳታራግፈው ጆንያውን በራሷ ላይ ተሸክማ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።