በጾም የተመዘነ ሰፈር

«ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል። እስኪ ይውረዱና እንደገና ይውጡ፣ እትዬ» አለች ሀይሚ።

እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን ለጎረቤታቸው አቀብለው ድጋሚ ወጡ። ሚዛኑ ምን በወጣው! ስምንት ኪሎ ቀንሰዋል። በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የጋራ አዳራሽ ውስጥ የተሰለፉት ሴቶች አጨበጨቡ።

ሀይሚን ግን ላብ አጠመቃት። በሰፈሩ ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለመከላከል የተጀመረው ፕሮግራም ምን ለውጥ እንዳመጣ እንድትገመግም የተቀጠረችው እሷ ናት። የመጀመሪያውን ምዘና ያካሄደችው በአምናው ገና ማግስት ነበር፤ ቅቤውም ዶሮውም ገና ከሆድ ሳይወርድ። የመጨረሻውን ደግሞ አሁን፣ በጾም! ወይ የቀን አመራረጥ! ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አብረው ገብተው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ባዶ ሆዱን ሚዛን ላይ ሲወጣ የማይቀንስ ማን አለ? የጾም አገር ልጅ ሆና ይህን መርሳቷ አበሳጫት።

ስልኳ ጠራ። አለቃዋ አቶ ዓምደሚካኤል ናቸው።

«እሺ ሀይሚዬ፣ እንዴት ነው?»

«ቀንሰዋል። ግን ጾሙ ነው መሰለኝ። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ብንመዝናቸውስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ረጂዎቹ ሪፖርቱን የሚፈልጉት በዚህ ሳምንት ነው። ውጤት ከሌለ ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ ነርሷም ትሄዳለች። በይ፣ በጣም የቀነሰችውን ሴትዮ ፎቶ አንሺልኝ፤ ሽፋኑ ላይ እናወጣታለን።»

ዘጉት።

ሴቶቹ ከፕሮግራሙ የወደዱት ነገር ቢኖር ነርሷን ነው። በየሳምንቱ መጥታ ግፊትና ስኳር ትለካለች፤ መድኃኒትም ትሰጣለች። ስለ ሰላጣና ስለ ፍራፍሬ የተሰጠውን ትምህርትማ በጨዋነት ሰምተው ወደ ፓስታቸውና ወደ ድንቻቸው ተመልሰዋል። አቮካዶ በዚህ ዋጋ ማን ይገዛል?

ሀይሚ እትዬ የሺመቤትን ወደ ደረጃው ሥር ወሰደቻቸው።

«እውነቱን ይንገሩኝ፣ እትዬ። የቀነሱት በጾሙ ነው አይደል?»

«ጾሙማ ምን አደረገኝ፣ ልጄ?» ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኤርፖርት አካባቢ የነበረኝ የጽዳት ሥራ ከቀረ ከርሟል። በቀን አንዴ ከቀመስኩ ተመስገን ነው። ጾሙማ ደግ ነው። ‹ምነው አልበላሽም?› የሚለኝ የለም። ልጄም አጥብቄ የምጾም ይመስላታል። እኔ የምፈራው ፋሲካን ነው። ያኔ ምን እላቸዋለሁ?»

የሀይሚ ዓይኖች እንባ ሞሉ። ውፍረት ልትለካ መጥታ ረሃብ መዝና ልትሄድ ነው።

«ይህንን እጽፈዋለሁ። መታወቅ አለበት» አለች።

«ኧረ በማርያም!» እትዬ የሺመቤት ክንዷን ጨመደዱት። «ጽፈሽስ? እህል ይልኩልኛል? ነርሷን ነው የሚወስዱብኝ! ያ መድኃኒት ከቀረ ሞቼ ነው የምታገኚኝ። ይልቅ ‹ስፖርት ሠርታ ቀነሰች› በይልኝ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ እንዲያ ነው የምለው።»

ሀይሚ እውነቱን ብትጽፍ እኚህን ሴትዮ ትገድላለች፤ ብትዋሽ የከርሞው ሪፖርትም ‹ተሳክቷል› እያለ፣ ሴቶቹ እየከሱ፣ ሰው እያጨበጨበ ሊቀጥል ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? ከአዳራሹ ደግሞ ሌላ ጭብጨባ ተሰማ። ሌላዋም ቀንሳለች ማለት ነው።

ስልኳን አውጥታ ካሜራውን ከፈተች። እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አስተካክለው ፈገግ አሉ።

«እንደሱ አይደለም፣ እትዬ» አለች ሀይሚ፤ የገዛ ድምጿን ጠላችው። «ቀሚስዎን ወገቡ ላይ ይያዙና ወደ ፊት ሳብ ያድርጉት። ምን ያህል እንደሰፋዎት እንዲታይ።»

ሳብ አደረጉት።

«ትንሽ ይጨምሩ።»