የምሳ ሰዓት ሚዛን

እኔ ዕቃ መዛኝ ነኝ። የጭነት ማመላለሻ ድርጅታችን መጋዘን በር ላይ ከወለሉ ጋር የተስተካከለ ሰፊ ሚዛን አለ፤ ከሚዛኑ ጎን ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ እኔ አለሁ። ሰው ጆንያውንና ካርቶኑን ተሸክሞ ይመጣል፣ እመዝንለታለሁ፣ ይጨቃጨቀኛል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ጸጉሬ የሸበተው እዚያው ወንበር ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን «ዕቃዬ እኮ ቀላል ነው» ያላለኝ ደንበኛ የለም። ስለዚህ የሰውን አፍ ትቼ የሚዛኔን ቁጥር ብቻ ማመን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

የሚዛኑ ብረት እንዳይፋቅ ከላዩ ጣውላ እናነጥፍበታለን። ጣውላው ስድስት ኪሎ ይመዝናል። ጠዋት ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ጣውላውን አስተካክዬ ሚዛኑን ዜሮ ማድረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሚዛኑ የጣውላውን ክብደት ራሱ እየቀነሰ የዕቃውን ብቻ ይናገራል። ይህን ዐይኔን ጨፍኜም እሠራዋለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሁለቱም ጉልበቶቼ አልቀዋል። ሐኪሙ ራጁን አየና «ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል፤ ስምንት ኪሎ ሳትቀንሺ ግን ቢላ አላነሣም» አለኝ። «ካልቀነስኩስ?» ስለው «ካልቀነስሽማ ዊልቸር ነዋ» አለ፣ ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ ይመስል። የግፊት መድኃኒትም እወስዳለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዳቦ ቀነስኩ፣ ስኳር ተውኩ፣ ከሥራ ስወጣ ሁለት ፌርማታ እያነከስኩ በእግሬ እሄዳለሁ። አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ጉልበቴን በሙቅ ውኃ እያሸች «በርቺ እትዬ» ትለኛለች። ቀሚሴ ግን እንደ ጠበበኝ ነው። ዊልቸሩ በሐሳቤ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

እኔ በዚህ ስጨነቅ ሒሳብ ሠራተኛችን የማቅጠኛ እንክብል መሸጥ ጀመረች። ሣጥኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተሥሏል። ያለ ሐኪም ማዘዣ በየሱቁ የሚቸበቸብ ነገር ነው፤ እሷ ግን «የሌላው ፎርጂድ ነው፣ ኦሪጅናሉ እኔ ጋ ብቻ ነው» ትላለች። «ወይዘሮ ቅጠል» የሚል ስም አወጣሁላት፤ ስሙም ጸናባት። ሴትዮዋ አፈ ጮሌ ናት። ቢሮዋ ውስጥ ሰው ሰብስባ ስትሰብክ ካልኩሌተሯን እንደ መስቀል ከፍ አድርጋ ነው።

«ኬሚካል የሚባል የለውም፤ የተፈጥሮ ነው!»

«እባብም የተፈጥሮ ነው» አልኳት በበሩ ሳልፍ።

ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እርስዎ ሁሉን ይንቃሉ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ግን ለእርስዎ ነበር» አለች። ሰዉ ሳቀ። ከቁብ አልቆጠርኳትም አልኩ ለራሴ፤ ነገር ግን ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ሲንቋቋ ሰማሁት።

ገዢዎቿን ብታዩ! መዝጋቢያችን ከመጥረጊያ እንጨት አትወፍርም፣ ነፋስ ሲነፍስ ምሰሶ ይዛ የምትቆም ልጅ ናት፤ እሷም ገዛች። ከምንስ ላይ ነው የምትቀንሰው? ሾፌራችንም ገዛ። እሱስ ሆዱ ከመሪው ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ሰውየውን እወደዋለሁ፣ ለዚህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። እንክብሉን በጀመረ ሰሞን ሚዛኔ አጠገብ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ደረቱን እያሸ «ልቤ ይደልቃል፣ እንቅልፍም የለኝ» አለኝ። ወይዘሮ ቅጠል ከኋላ ደርሳ «ስቡ እየነደደ ነው ጋሼ፤ ደስ ይበልዎት!» አለችው። ደስ አለው። ሰው እንዲህ በቀላሉ ደስ ሲለው ማየት አንጀቴን ያሳርረዋል።

«አንተ ጭነት ይዘህ ቁልቁለት ስትወርድ ደግሞ ምን እንደሚነድ እናያለን» አልኩት። ሳቀብኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጉልበቴን ለማሳረፍ ወደ ጓሮ በረንዳ እወጣለሁ። እኔ ስወጣ እነሱ ሚዛኔን ይወርሩታል። መጀመሪያ የተመዘኑት እኔ ባለሁበት፣ በግልምጫዬ ሥር ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን እኔን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው በምሳ ሰዓት ብቻ ሆነ። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ሳለሁ የጭብጨባ ድምፅ ሰማሁ። እያነከስኩ ስመለስ ሰዉ ተበትኖ ነበር፤ አዲሷ ጽዳት ሠራተኛ ብቻ ሚዛኑ አካባቢ ጎንበስ ቀና ትላለች። ጎበዝ ሴት ናት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ያገኘችውን ዕቃ ሁሉ እያነሣች ሥሩን ትጠርጋለች፣ መልሳም ቦታው ታኖራለች።

ሾፌሩ ሱሪውን በሁለት እጁ ወደ ላይ እየሳበ መጣ። «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ ቀነስኩ!» መዝጋቢዋም ስድስት። ወይዘሮ ቅጠልም ራሷ ስድስት።

«ውሸታሞች» አልኳቸው።

ወይዘሮ ቅጠል ጣቷን ወደ ሚዛኑ ቀሰረች። «እኛ መች ተናገርን? የተናገረው የእርስዎ ሚዛን ነው። እሱንም ሊክዱት ነው?»

እሷን ብትምል ብትገዘት አላምናትም። ሚዛኔን ግን እንዴት እክዳለሁ? ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ለአንድ ነጋዴ ጆንያ ስመዝን ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት። ልክ ነበር። የማንንም ጅል ሳቅ መቻል እችላለሁ፤ ጅሎቹ ትክክል ሆነው እኔ ዊልቸር ላይ ከቀረሁ ግን አልችለውም።

እና ገዛሁ። ከወይዘሮ ቅጠልማ ሞቼ እገኛለሁ! ከሰፈሬ ርቄ፣ ከማያውቀኝ ሱቅ። ሻጩ ሣጥኑን በጥቁር ፌስታል እየከተተ «ለልጅዎ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ልጅ የለኝም።

እህቴ ሣጥኑን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «የሠራው ሰው ስም የለው፣ አድራሻ የለው፣ ቅጠል ብቻ! ከግፊት መድኃኒትሽ ጋር ይስማማል ወይ ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂው እንጂ።»

«ይስቅብኛል።»

«ይሳቃ! ሳቅ ገደለ እንዴ?»

«አንቺ አታውቂም፤ ሰዎቹ በገዛ ሚዛኔ ነው የቀነሱት።»

«አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?»

ተቆጣሁ። ጉልበቴን ከእጇ ነጥቄ ተነሣሁ። እልኬ ግን መላ አበጀልኝ። ነገ ምሳ ሰዓት ላይ መጀመሪያ እመዘናለሁ፣ ከዚያ እዚያው ቆሜ እውጣለሁ። በኋላ የሚወርደው ኪሎ ከምን እንደ ወረደ አንድም ሰው አያምታታኝም።

በማግስቱ ሁሉም ምሳ እስኪሄዱ ጠበቅኩ። እንክብሉን በግራ እጄ ጨብጬ ውኃዬን ወንበሩ ላይ አኖርኩና ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።

ቁጥሩን አየሁት። ሐኪሙ ዘንድ ከነበርኩበት ስምንት ኪሎ ወርጃለሁ። ሰባት አይደል፣ ዘጠኝ አይደል፤ ያው የተባልኩት ስምንት! እንባዬ መጣ። ቀዶ ሕክምናው ታየኝ፣ ደረጃ ስወጣ ታየኝ፣ ለአውቶቡስ ስሮጥ ሁሉ ታየኝ። «እሰይ! እሰይ የኔ እንክብል!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ያን ጊዜ እጄ ውስጥ ያለው እንክብል ትዝ አለኝ። ገና አልዋጥኩትም እኮ።

ቀስ ብዬ ወደ እግሬ አየሁ። ጫማዬ ብረቱ ላይ ነው ያለው። ጣውላውስ? ጣውላው፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ሥሩን ልትጠርግ አንሥታው፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሚዛኑ እንደ ጠዋቱ ስድስት ኪሎ ይቀንሳል፤ ሲቀነስ የነበረው ከጣውላው ሳይሆን ከሰዎቹ ላይ ነው። ይሄ አሮጌ ሚዛን ባዶውን ሲሆን ከዜሮ በታች ማሳየት ስለማያውቅ ሰረዝ ብቻ ያሰምራል፤ ማን ልብ ይለዋል? ሆዳሙ ሾፌርም መጥረጊያ የምታክለው መዝጋቢም እኩል ስድስት ኪሎ ሲቀንሱ ሰምቼ፣ እኔ፣ ሁሉን አዋቂ ነኝ ባይዋ፣ ምን ነካችሁ አላልኩም። ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

ከምሳ ሲመለሱ ሚዛኔ ፊት አቆምኳቸው። ጣውላውን በእጄ ጎትቼ አነጠፍኩና «ውጪበት» አልኳት ወይዘሮ ቅጠልን። እምቢ ስትል መዝጋቢዋን አወጣኋት፤ ስድስት ኪሎዋ ተመልሶ መጣ። ሾፌሩን አወጣሁት፤ የእሱም መጣ። ጣውላውን አንሥቼ አሳየኋቸው፣ መልሼ አነጠፍኩት፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጌ አስረዳሁ። የዋጥኩት ነገር ሳይኖር ስድስቱ ኪሎ ከእኔም ላይ እንደ ተቀነሰ ነገርኳቸው። እንክብሉንም እጄን ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ ውርደቴን አልደበቅኩም።

ወይዘሮ ቅጠል ዐይኗን በጨው አጥባ ሣቀች። «ይኸው! ለእርስዎማ በእጅዎ ስለያዙት ብቻ ሠራልዎት!»

ሁሉም በሣቅ ፈነዱ። መዝጋቢዋ ሳትቀር እንባዋን እየጠረገች ሣቀች። ምን ይባላል? ለእነዚህ ሰዎች ሚዛን ምን ያደርግላቸዋል?

ሾፌሩ ብቻ አልሣቀም። ጣውላው ላይ እንደ ቆመ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ታዲያ ልቤ የሚደልቀው በምን ምክንያት ነው?» አለ።

ወይዘሮ ቅጠል ካልኩሌተሯን ማየት ጀመረች።

«ውረድ» አልኩት። «የመኪናውን ቁልፍ ለዘበኛው ስጥ። በታክሲ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ እኔም የምጠይቀው አለኝ።» እሱ ሲወርድ እኔ ጣውላው ላይ ወጣሁ። በትክክለኛው ቁጥር ሁለት ኪሎ ቀንሻለሁ። ሁለት ብቻ። ዳቦዬ ነው፣ ሁለቱ ፌርማታዎቼ ናቸው። ስድስት ይቀረኛል። ማንም አላጨበጨበልኝም፤ እኔ ግን በቁጥሩ ኮራሁ። እንክብሉን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣልኩና ሾፌሩን በክንዱ ያዝኩት። እኔ እያነከስኩ፣ እሱ ደረቱን እንደ ያዘ፣ ተደጋግፈን ወደ በሩ ሄድን።

ደጅ ሳንደርስ ጣውላው ከሚዛኑ ላይ ሲጎተት ከኋላዬ ሰማሁ። ቀጥሎ ጭብጨባ ሰማሁ።