የበረኛው ጋቢ

ላሊበላ ውስጥ የገና ጨዋታ የማያውቅ ሰው የለም፤ ችግሩም እሱ ነው። በዕድሜው ዱላ ጨብጦ የማያውቅ የሆቴል አስተናጋጅ እንኳ ሩሯ በየት በኩል መመታት እንደነበረባት ሊያስረዳችሁ ዝግጁ ነው። ሩር የሚሏት ኳስ ከእንጨት የምትጠረብ ናት፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ካረፈች ሳምንት ሙሉ ታስነክሳለች። በዚህ ሁሉ አዋቂ መሀል ፊሽካ ይዞ መቆም ምን ያህል እንደሚከብድ ያን የታኅሣሥ ቅዳሜ ጠዋት ከፅናት በቀር የገባው አልነበረም።

ፅናት የኮሌጅ ተማሪ ናት፤ ስፖርት ታጠናለች፣ ወልድያ ወርዳም የዳኝነት ሥልጠና ወስዳለች። ከአምና ጀምሮ የአካባቢው ኮሌጆች ተስማምተው ገናን በበርና በበረኛ መጫወት ጀምረዋል። በሩ ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ከፊቱ በአመድ ግማሽ ክብ ይሰመራል፣ በረኛው እዚያ ውስጥ ይቆማል። ዘንድሮ ደግሞ ደንቡ ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ በአመዱ ውስጥ በረኛውን ያወከ ቡድን፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ያገባው ጎል አይቆጠርለትም ይላል።

ያቺን መስመር በስብሰባ ላይ ተሟግታ ያስገባችው ራሷ ፅናት ናት። አምና በር የጠበቀው ወንድሟ ተክለ ሚካኤል ነበር። አንዱ ተጫዋች ደርሶ ክንዱን ተጫነው፣ ሌላው ሩሯን ብሎ ሰነዘረ፣ ዱላው የበረኛው ጣቶች ላይ አረፈ። ሕዝቡ ሳቀ። ተክለ ሚካኤልም አብሮ ሳቀና «ምንም አልሆንኩም» አለ። ምን ይበል? በገና ሜዳ ተነካሁ ብሎ ማመልከት ነውር ነው፤ ያመለከተ ሰው እስከ ጥምቀት ድረስ ግጥም ይገጠምበታል። ተክለ ሚካኤል ለእንግዶች የሚሸጥ የእንጨት መስቀል ይቀርጽ ነበር። ሁለቱ ጣቶቹ ዛሬም አይታጠፉም፣ መሮ ጨብጦ መሥራት አልቻለም። አሁን ሌሎች የቀረጹትን መስቀል ይሸጣል፤ ገዢ «አንተ ነህ የሠራኸው?» ሲለው ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል።

የገናን ጨዋታ ከጥንት ጀምረው የሚመሩት ጋሽ አረጋ ናቸው። የዚያን ዕለት ጠዋት ፅናትን ወደ ጎን ጠርተው ፊሽካውን በእጇ አስያዟት።

«ልጄ፣ እኔ ሴት ዳኛ አልጠላም» አሏት። «ግን የገና ዕለት ስንት አገር ሕዝብ ነው የሚመጣ። የዛሬውን ከሙጃ ኮሌጅ ልጆች ጋር ያለ ጭቅጭቅ ከጨረስሽ የገና ዕለቱም ያንቺ ነው። ጭቅጭቅ ከተነሳ ግን ፊሽካዬን ትመልሽልኛለሽ።»

«እሽ ጋሽ አረጋ» አለች።

እሽ አለች እንጂ፣ ያለ ጭቅጭቅ ያለቀ የገና ጨዋታ ማን አይቶ ያውቃል! እሳቸው ራሳቸው በዳኙበት ዘመን ስንቱ ተኳርፎ በሽማግሌ እንደታረቀ አገር ያውቀዋል። ለእሷ ሲሆን ግን መለኪያው ተለወጠ። ፅናት ይህንንም ዋጥ አደረገችው፤ የፈለገችው የገናን ዕለት ነበርና።

ጨዋታው ተጀመረ። ከአሸተን ማርያም ተራራ የሚወርደው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። የሙጃው በረኛ ኢያቄም የሚባል ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ጋቢውን ደርቦ፣ ጫፉን ትከሻው ላይ ጥሎ በሩ ላይ ቆመ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ስለ ዱላ ርዝመትና ስለ ጫማ አንድ ገጽ ሙሉ ሲጽፉ ስለ ጋቢ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ላስታ ውስጥ በታኅሣሥ ጠዋት ጋቢን እንደ ልብስ የሚቆጥረው የለም፤ እንደ ቆዳ ነው። እሱን አውልቅ ማለት ለማን ትዝ ይለዋል?

ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ጎል አግብተው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ሩሯ በቀኝ በኩል ወደ ላሊበላው አዳም መጣች። አዳም እግሩም ምላሱም ፈጣን ነው። አመዱን ተሻግሮ ገባ። ኢያቄም ሩሯን ሊያግድ ወደ ግራ ተወረወረ፤ ግን መሀል መንገድ ላይ ከኋላው እንደተጠራ ሰው ቀጥ አለ። አዳም መታ። ሩሯ በሁለቱ እንጨቶች መሀል አለፈች። ሜዳው በእልልታና በሆታ ተናጋ።

ፅናት ግን ከጎን ሆና አይታለች። የአዳም ግራ እግር መሬት ለመሬት የሚጎተተውን የጋቢ ጫፍ ረግጦት ነበር። ፊሽካዋን ነፋችና ሁለት እጇን አጠላልፋ ወደ ላይ አነሳች። ጎሉ አይቆጠርም ማለት ነው።

ሆታው ወዲያው ወደ ጩኸት ተለወጠ።

«ምን አረግሁ?» አለ አዳም እየሮጠ መጥቶ። «እጄም ዱላዬም አልነካውም!»

«ጋቢውን ረግጠህ ይዘኸው ነበር።»

«ጋቢው ነው እንዴ በረኛው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የራሷ የክፍል ጓደኞች ሳይቀሩ ሳቁ። አንዱ ወጣት ቀርጬዋለሁ ብሎ ስልኩን እያውለበለበ መጣ፤ ሲከፈት የሰው ጀርባና የራሱ አውራ ጣት ብቻ ታየ። ያም ሆኖ «አያችሁ? ምንም የለም!» የሚል አልጠፋም።

ጋሽ አረጋ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ሜዳው ገቡ። ጩኸቱ ቀነሰ። «እስቲ ባለቤቱ ይጠየቅ» አሉና ወደ ኢያቄም ዞሩ። «ልጄ፣ ይዞሃል ወይስ አልያዘህም? አትፍራ፣ ተናገር።»

ኢያቄም ጓደኞቹን አየ። ከበው የቆሙትን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«ኧረ እኔ ምንም አልሆንኩም። ዘገየሁ እንጂ ማንም አልነካኝም።»

ሜዳው አጨበጨበለት። በጣም የሚገርመው፣ ሙጃዎቹም አጨበጨቡለት! ልጃቸው በገዛ ቡድኑ ላይ ጎሉን በአፉ አስቆጥሮ ሳለ ወንድነቱ አኮራቸው። እንዲህ ያለ ኩራት ሰውን ስንት ነገር እንዳስከፈለው ቢቆጠር አያልቅም።

ጋሽ አረጋ ወደ ፅናት ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በይ እንግዲህ። ያገባውም አልነካሁም ይላል፣ የገባበትም አልተነካሁም ይላል። ጎሉን ስጪና በሰላም እንጨርስ። የገና ዕለቱ እንዳያመልጥሽ ብዬ ነው።»

ይህን ያሉት በክፋት አልነበረም። እሷን የከበዳትም እሱ ነው፤ በክፋት ቢሆን መልስ መስጠት በቀለላት። አንድ ቃል ብቻ ተናግራ ፊሽካውን ብትነፋ ሁሉም ነገር ያልቃል፤ ሰው ይስቃል፣ ገና ይደርሳል፣ እሷም ትዳኛለች። ደግሞስ ተበደልኩ ያላለን ሰው አለቅስልሃለሁ ማለት ምን ይሉታል?

ዓይኗን ስታነሳ ከሕዝቡ መሀል ተክለ ሚካኤልን አየችው። እንደ ልማዱ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቷል። ሁሉም ሲያጨበጭብ እሱ አላጨበጨበም።

«ጋሽ አረጋ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። «እኔ እሱን አልጠየቅሁትም። የዳኘሁት በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ እግሩ ጋቢው ላይ ነበር። አዳም አውቆ አደረገው አላልኩም። ደንቡም አውቆ ካላደረገ ይቆጠር አይልም።»

«ልጁ ምንም አልሆንኩም እያለሽ?»

«ወንድሜም አምና እዚሁ ቦታ ላይ እንዲሁ ብሎ ነበር። እርስዎም ሰምተዋል። እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ። አሁን ግን ዝም አልልም!»

የሚስቅ ሰው ጠፋ። የተክለ ሚካኤልን እጅ የማያውቅ እዚያ አልነበረም።

«ፊሽካዎን ጨዋታው ሲያልቅ እመልስልዎታለሁ» አለች ፅናት። «እስኪያልቅ ግን ዳኛው እኔ ነኝ። ጎሉ አይቆጠርም።»

ሩሯን አንስታ አመዱ መስመር ላይ፣ ኢያቄም እግር ሥር አስቀመጠችና ነፋች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ነፋች። አዳም ዱላውን ተደግፎ ወደ ሰማይ ያያል። ጋሽ አረጋ ከዘራቸውን ይዘው ከሜዳው ወጡ። የገና ዕለት ከእጇ እንደወጣ ያኔ ገባት፤ እግሯ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ለሦስተኛ ጊዜ ፊሽካውን ወደ አፏ አስጠጋች።

ኢያቄም ድንገት «ቆዪ» አለ።

ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፣ ረጋ ብሎ አጣጠፈው፣ ከበሩ እንጨት ሥር አኖረው። በዚያ ብርድ በስስ ሸሚዝ ቀረ። ሲያጣጥፈው የተረገጠው፣ የጤዛ ጭቃ የያዘው ጫፍ ከላይ ሆነ፤ አውቆ ይሁን ሳያውቅ የጠየቀው ሰው የለም። ከዚያ ዱላውን አነሳና ፅናትን አያት።

«በይ ንፊው።»

ነፋችው። ኢያቄም ሩሯን ወደ መሀል ሜዳ ላካት። ሩሯ በአጠገቡ ስታልፍ ዱላውን ተደግፎ መቆም የሚችል የገና ተጫዋች ገና አልተወለደም፤ አዳምም ኩርፊያውን ረስቶ ተከትሏት ሮጠ። ሌሎቹም ተከተሉት። ከዚያ በኋላ ማንም ሳያገባ ጨዋታው እኩል ለእኩል አለቀ፤ እናም ሁለቱም ቡድኖች አሸነፍን እያሉ ይጨፍሩ ጀመር።

ፅናት ፊሽካውን ከአንገቷ አወለቀች። ቃል ቃል ነው፣ ጭቅጭቅ ተነስቷል። ጋሽ አረጋን ፈልጋ ያገኘቻቸው በሩ እንጨት ሥር ቁጢጥ እንዳሉ ነው። ጋቢውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ይጠርጋሉ። የጫማ ሶል፣ ከነመስመሩ፣ በጭቃ ታትሞበታል። ጠረጉት፣ አልለቅ አላቸው።

«ፊሽካዎ» አለችና በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

ቀና ብለው አላዩዋትም። ኢያቄምን ጠሩትና ጋቢውን ራሳቸው አለበሱት። «ብርድ ሊገድልህ ነው እኮ» ብለው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ዞረው የተዘረጋውን እጇን አዩት።

«የገና ዕለት በረኞቹ ጋቢ ደርበው እንዳይገቡ ይነገራቸው» አሉ።

«ማን ይንገራቸው?»

ጋሽ አረጋ ጣቶቿን አንድ በአንድ በፊሽካው ላይ አጠፉላት።

«ዳኛዋ ናታ» አሉ። «ሌላ ማን ይነግራቸዋል?»