የዘሩ ጎማ

አዱኛ ዘጠኙን ጎማ ጨርሶ አሥረኛውን ሲያጣብቅ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደሞዝ ሳያንኳኳ ገባ። ክንድ የምታህለው የታንክ አምሳያ ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ወደ ጎንደር የምትጫነው በማግሥቱ ነው። ከተጫነች ለሠሪዋ ሃያ ቆርቆሮ ይሰጠዋል። በአብደራፊ ክረምት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያፈስ ጎጆ ያለው ያውቀዋል፤ የአዱኛ ጎጆ ደግሞ ከማፍሰስ አልፎ ያጠምቅ ነበር።

ደሞዝ ተንበርክኮ አየ። ጎማዎቹ ከጫማ ቀለም ክዳን ተሠርተው ዙሪያቸውን የሸበጥ ላስቲክ ለብሰዋል። አዱኛ ዛሬ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ጠጋኝ ይሁን እንጂ ድሮ የታንክ ሾፌር ነበርና በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት እንኳ አልቀረም። ድንጋይ የነከሰው ላስቲክ ሳይቀር እንደ እውነተኛው ተቦጭቋል።

"ግሩም ነው ጓድ! ግን ይቺ በቀኝ በኩል ያለችው ሦስተኛዋ ምን ሆነች?"

የሌሎቹ ፊት አምስት ወፍራም ጣት አለው። የእሷ ግን ቀጫጭን አጥንት የበዛበት ነው።

"እንደዚሁ ነበረች።"

"የአብዮታዊ ሠራዊት ታንክ ዝንጉርጉር ጎማ የለውም! እንደ እህቶቿ አድርጋት፤ አለዚያ አትጫንም" ብሎ ወጣ።

ሚስቱ ባየሽ የሞላውን ባልዲ ደፍታ ተመለሰች።

"አንዲት ክዳን እኮ ናት። አንተ ካልቀየርሃት እኔ እቀይራታለሁ።"

"የዘሩ ናት" አላት።

ስለ ጦርነቱ አውርቷት አያውቅም። ያን ቀን ግን ነገራት። ኦጋዴን ላይ የእሱ ታንክ ጎማ በፈንጂ ተሰበረ፤ እግሩም ቆሰለ። አጠገባቸው ዘሩ የሚባል ሾፌር ሞተሩ የሞተ አሮጌ ታንክ ይዞ ጎታች ይጠብቅ ነበር።

"'ጎማዬን ፍቱና ውሰዱ' አለን። 'ያለ ጎማ አንተን ማን ይጎትትሃል?' ብንለው፣ 'እናንተ ቁስለኛ ይዛችኋል፤ እኔ ጤነኛ ነኝ' አለ። የእሱን ጎማ ገጥመን ወጣን፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውን ሰምቼ አላውቅም። ባየሽ፣ የኖርሁት ዕድሜ ሁሉ፣ አንችን ማግኘቴም ጭምር፣ ከእሱ ነው። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልሁትም።"

"ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?"

"አንችም እኮ ስድስት ክረምት ሙሉ በባልዲ ውሃ ስትቀበይ ኖረሻል" አለና ቢላውን ሰጣት። "አንች ያልሽው ይሁን።"

ባየሽ ቢላውን ይዛ ጎማዋ አጠገብ ተቀመጠች።

ጠዋት የጭነት መኪናው መጥቶ ደጃፋቸው ቆመ። ደሞዝ ከጋቢናው ወረደ፤ ቆርቆሮው ከኋላ ተደርድሮ ያብረቀርቃል።

"እህሳ፣ ተስተካከለች?"

ባየሽ ቆርቆሮውን አየችው። አልከጀለችም ማለት ውሸት ነው።

"ቆርቆሮውን ለሌላ ስጡት ጓድ ሊቀመንበር" አለችው። "ጎማዋ አትነካም። እኛ ጥቅምት ላይ ለጣራችን ሣር እናጭዳለን።"