አራተኛው ማንኪያ

የዴልፊን ልጅ ክላይድ ሐይቅ ውስጥ ከቀረ ዓመት ሆነው። እናቱም ከዚያ ወዲህ ማኖሚን የምንለው የሐይቁ የዱር ሩዝ በአፏ አልዞረም። በእኛ በኦጂብዌዎች ዘንድ ሰው የሞተበት፣ ሌላ ሰው እስኪያጎርሰው ድረስ ይህን ሩዝ አይበላም፤ ጀልባ ገብቶም ፍሬውን ከዛላው አያራግፍም። ጉዱ እንግዲህ ዛሬ በማጉረሻው ግብዣ ላይ ማንኪያውን የያዘው የአክስቱ ልጅ ሊሮይ መሆኑ ነው።

ክላይድ የቀረ ቀን ቆሞ ጀልባውን በረጅሙ እንጨት የሚገፋው ሊሮይ ነበር። ክላይድ ተቀምጦ ዛላውን በበትር እያራገፈ፣ «ነፋሱ በረታ፣ እንመለስ» ቢለው፣ «አንድ ዙር ብቻ፣ አንተ ፈሪ!» ብሎ ሳቀበት። ጀልባው ተገለበጠ፤ ሊሮይ ብቻ ወጣ። ይህን ለአክስቱ ለዴልፊን የነገራት ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል ተናግራው አታውቅም።

ግብዣውን የምትመራው አሮጊቷ ጆሴት ማንኪያውን ስትሰጠው ሰዉ አጉረመረመ።

«ምነው፣ ሌላ ሰው ጠፋ?» አለ አንዱ።

«አንተ አርፈህ ዳክዬህን ብላ!» አለችው።

ሊሮይ ሩዙን ራሱ ቆልቶ፣ ራሱ ቀቅሎታል። አክስቱ ፊት ተንበረከከና ማንኪያውን ዘረጋ። ፊቷን አዞረች። ደግሞ ዘረጋ፤ አዞረች። ሦስተኛም እንዲሁ። እስከዚህ ድረስ ወግ ነው፤ ሐዘንተኛ ሦስቴ እንቢ ብሎ በአራተኛው ይጎርሳል። በአራተኛውም እንቢ ካለ ግን አጉራሹን አልፈልግም ማለቱ ነው፤ ያኔ ሊሮይ በምን ፊቱ መንደር ውስጥ ይኖራል? የዴልፊን ፊት ደግሞ ወግ ይሁን ጥላቻ አይለይም። ሊሮይ ፈራ። ውሃው ውስጥ እንኳ እንዲህ አልፈራም።

አራተኛውን ሲዘረጋ እጁ ተንቀጠቀጠና የሩዙ ገሚስ ቀሚሷ ላይ ተበተነ።

«እጅህን አርጋው» አለችው። «እዚህም ልትገለብጥ ነው?»

ሊሮይ ማንኪያውን ጥሎ መሮጥ አማረው፤ ግን ከተንበረከከበት አልተነሳም። ዴልፊን የእጁን አንጓ ጨብጣ አጸናችውና የተረፈውን ጎረሰች። ብዙ አኘከች።

«አሳርረኸዋል።»

«አውቃለሁ፣ አክስቴ።»

«አንተንስ ማን አጎረሰህ?»

«እኔን?»

«የሞተው ወንድምህ አይደለም እንዴ? ዓመቱን ሙሉ ማን አጎረሰህ?»

«ማንም» አለ ሊሮይ። «እኔም አልበላሁ።»

ማንኪያውን ከእጁ ነጥቃ ወደ ሳህኑ ሰደደችው። ገና ዝቃ ሳታነሳው ሊሮይ እያለቀሰ አፉን ከፈተ።