የኃይለማርያም ሁለት ጎሎች

ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ያገባኋቸው ሁለት ጎሎች በሌላ ሰው ስም ሊታተሙ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ነው የደረስኩባቸው።

ረቂቁን ሱቄ ድረስ ያመጡልኝ ጋሽ ወልደሥላሴ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ «የድልድይ ዋንጫ ታሪክ» የሚል መጽሐፍ ሲያሰናዱ ከርመዋል። ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጡልኝና «ካሊድ፣ አንተ የድሮ ሰው ነህ፤ የተሳሳተ ነገር ካለ ንገረኝ» ብለውኝ ሄዱ። የተሳሳተ ነገር ካለ ይላሉ እኮ! ገጽ አርባ አንድ ላይ በጥቁር ቀለም ተደምቆ «የነሐሴ 1982 የፍጻሜ ጨዋታ፤ ድልድይ በታች 2፣ አፍንጮ በር 1። ሁለቱንም ጎሎች ያገባው ኃይለማርያም» ይላል። ደሜ ፈላ። ስኳር ልትገዛ የገባች ሴትዮ ፊቴን አይታ ሳትገዛ ወጣች።

ለማያውቅ ሰው የድልድይ ዋንጫ ምንም አይደለም። በራስ መኮንን ድልድይ ዙሪያ ያሉ ስምንት ሰፈሮች በየክረምቱ ጭቃ ውስጥ የሚላተሙበት ጨዋታ ነበር። በስልሳ ስምንት ሲጀመር ዋንጫውን የሠራው ሃፍቶም የሚባል ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው፤ ከተሰበረ የናስ ፋኖስ። አንድ ዓመት ያሸነፈው ቡድን አምበል እናት፣ እማማ ተናኘወርቅ፣ ክረምት ከበጋ በርበሬ ሲያስቀምጡበት ኖረው፣ በዓመቱ ዋንጫውን አንስቶ የሳመው ልጅ በማስነጠስ ብዛት ንግግር ሳያደርግ ቀርቷል። ይሄ ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ አለ። ጋሽ ወልደሥላሴ የበርበሬዋን ታሪክ አንድ ሙሉ ገጽ ሰጥተዋታል። ለኔ ግን ፊደል አልተረፋቸውም።

ሰፈሩ ፈርሷል። ሜዳው ላይ አሁን የተከረከመ ሣርና አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ዋንጫውም በዕቃ ማውጣቱ ግርግር የት እንደገባ አይታወቅም። የቀረን ይህቺ መጽሐፍ ናት። እዚያ ውስጥ ያልተጻፈ ሰው እዚህ ምድር ላይ አልተጫወተም ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ተጫውቻለሁ። በሰማንያ ሁለት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከወራቤ መጥቼ አጎቴ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ፣ እዚያው ጆንያ ላይ እተኛለሁ። መታወቂያ አልነበረኝም። ዋንጫው ላይ ለመሰለፍ ደግሞ የቀበሌ መታወቂያ ግዴታ ነው። ጨዋታ ሲጀመር የአሥራ አንዱም ሰው መታወቂያ ተሰብስቦ በኮፍያ ውስጥ የዳኞች ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ የሚመለሰው ጨዋታው ሲያልቅ ነው። አሠልጣኛችን ተክላይ ዘዴ አላጣም። የሰፈሩን ልጅ የኃይለማርያምን መታወቂያ ሰጠኝ። ይህንን «ስም መዋስ» እንለው ነበር፤ ሁሉም ሰፈር ይዋሳል። በዚያ ክረምት ሜዳ ላይ ኃይለማርያም ነበርኩ። አጎቴ ጭቃ ተለውሼ ስገባ «ዛሬ ስኳሩን ማን ይመዝናል፣ ካሊድ ወይስ ኃይለማርያም?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የጠረጴዛው ጸሐፊ ማን እንደነበረ ልንገራችሁ? ጋሽ ወልደሥላሴ! የመታወቂያውን ፎቶ አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፤ ከዚያ ኮፍያው ውስጥ ጣሉት።

ቤቴ ውስጥ «የአባዬ ጎል» የሚባል ነገር አለ። ልጄ ኢክላስ ናት ያወጣችው። አንድ ሰው የማይመስል ወሬ ሲያወራ እሷና እናቷ ካሚላ ተያይተው «ይሄማ የአባዬ ጎል ነው» ይሉና ይስቃሉ። ኢክላስ ሕፃን ሆና ታምነኝ ነበር። ከፍ ስትል የሰፈር ሰው ጠየቀች፤ ሁሉም የሚያስታውሰው ሜዳው ላይ የተጮኸውን ስም ነውና ኃይለማርያም ነው ያገባው አሏት። ሃያ ዓመት ሞላት፤ አሁን የማወራውን ሁሉ የምትሰማው እንደዚያች ጎል ነው። ስለ አጎቴ ስነግራት፣ ስለ ልጅነቴ ስነግራት፣ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ አለ። ያንገበግበኛል። መጽሐፍ እየተጻፈ ነው ሲባል «ይኼው ታያለሽ፣ ስሜ ይወጣል» ብያት ነበር። «አባዬ ደግሞ ጀመረው፤ በቃ ላሽ በለው!» አለችኝ።

ረቂቁን ይዤ ጋሽ ወልደሥላሴ ቤት ሄድኩ።

«እርስዎ ራስዎ ያውቃሉ» አልኳቸው። «በዓይንዎ አይተዋል።»

«አይቻለሁ» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ሰነዱ ግን ኃይለማርያም ይላል። በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት።»

«በራስዎ እጅ ያርሙታላ!»

«ካሊድ፣ ተክላይ ሞቷል። የቡድኑ ልጆች ወይ ሞተዋል ወይ አገር ለቀዋል። እኔ ብቻዬን ተነስቼ የአካለ ጎዶሎ ሰው ክብር ልግፈፍ? ኃይለማርያም ራሱ ከመሰከረ ሰኞ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት አርመዋለሁ። እሱ ካላለ ግን እንዳለ ይወጣል።»

የኃይለማርያም ነገር እንዲህ ነው። ያኔ አፈሳ ነበር፤ ወጣት ከየመንገዱ እየታፈሰ ጦር ሜዳ ይላካል። ኃይለማርያም በዚያው በፍጻሜው ቀን ታፈሰ፤ በዓመቱ አንድ እግሩን ትቶ በክራንች ተመለሰ። መጽሐፉ ይህን ከጎሎቹ ጋር ሰፍቶታል፤ «ሁለት ጎል አግብቶ፣ ዋንጫውን ስሞ ሳይጠግብ፣ በዚያው ምሽት ከቤቱ ተወስዶ ዘመተ» ይላል። ያምራል። ሳነበው እኔንም ሊያስለቅሰኝ ነበር፤ ጎሎቹ የኔ ባይሆኑ ኖሮ።

በማግሥቱ ወደ ምኒልክ አደባባይ ወጣሁ። ኃይለማርያም እዚያ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ኪዮስክ ውስጥ ቁልፍ ይቀርጻል። ከርቀት ሰላም ስንባባል የኖርን ሰዎች ነን፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አንስተን አናውቅም። ሲያየኝ ሞረዱን አላስቀመጠም።

«መጽሐፉን አይተኸዋል?» አልኩት።

«ጋሽ ወልዴ አሳይተውኛል።»

«ጎሎቹ የኔ ናቸው፣ ኃይሌ።»

«ያንተ ናቸው እንጂ! እኔ ኳስ መቼ አውቅ ነበር?»

እንዲህ በቀላሉ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም። ሌሊቱን ሙሉ የተለማመድኩት ክርክር አፌ ውስጥ ቀረ። ደስ ብሎኝ ስልኬን አወጣሁና «እንግዲያው ለጋሽ ወልደሥላሴ ይህንኑ ንገራቸው» አልኩት።

«እነግራቸዋለሁ። ደውል፣ አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ። አንድ ነገር ግን አብሮ ይጻፋል።» ሞረዱን አስቀመጠ። «እኔ የታፈስኩት የት ነው?»

«ማታ፣ ከቤትህ።»

«ማን ነው ያለህ?»

«ሁሉም ነው የሚለው።»

«ተክላይ ነው ያለው፤ ዋንጫው እንዳይነጠቅ። ሌላው ከሱ ነው የሰማው።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ተክላይ ከቤት እንዳትወጣ፣ ሰው ካየህ ጉዳችን ይፈላል ብሎኝ ነበር። በስሜ ፍጻሜ እየተጫወቱ ቤት ልቀመጥ? አማረኝ። ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሜዳውን ላይ ስል የአፈሳው መኪና መጣ። መታወቂያ አሉኝ። ሜዳ ላይ ነው፣ ኮፍያ ውስጥ ነው ብላቸው ሳቁብኝ። መታወቂያ ያለውን ለቀቁ፣ እኔን ጫኑኝ።»

አደባባዩን የሚዞር አውቶቡስ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«መኪናው ሊነሳ ሲል ከታች ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ ኃይለማርያም! ኃይለማርያም! እያለ ጮኸ። ሰፈሩ አይቶኝ ሊያስጥለኝ የመጣ መሰለኝ። በእመብርሃን መሰለኝ! እጄን አውጥቼ እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ አልኳቸው። ለካ አንተ ጎል አግብተህ ነው።»

ያን ጩኸት እኔም አስታውሰዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«እና ጎሎቹን ውሰድ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ስትወስዳቸው ግን ስሙን ተውሼ፣ መታወቂያውን አስይዤ፣ እሱ እግሩን ከፈለልኝ ተብሎ ይጻፍ። ልጆቼ አባታቸው ጎል አግብቶ የዘመተ ነው ብለው ነው ያደጉት። ኳስ ሊያይ ወጥቶ የታፈሰ ፋራ መሆኑን ካወቁ፣ ለምን እንደሆነም ይወቁ። እኔ አልጨነቅም። ደውል።»

ስልኩ እጄ ላይ ነበር። አልደወልኩም። ሌላ ደንበኛ ሁለት ቁልፍ ይዞ መጣና ቦታ ለቀቅኩለት።

ማታ ጋሽ ወልደሥላሴ ራሳቸው ደወሉ። «እንዳለ ይታተም» አልኳቸው። «ደግ ሰው ነህ፣ ካሊድ» አሉኝ። እናንተም ደግነት እንዳይመስላችሁ። ፈርቼ ነው። ጎሎቹን ብቻ ቢሰጡኝ ኖሮ የኃይለማርያምን ክራንች ሳላይ እወስዳቸው ነበር። ኢክላስ ያንን ገጽ እስከ መጨረሻው አንብባ ቀና ብላ ስታየኝ ነው የታየኝ። ውሸታም አባት መሆን ከዚያ ይሻለኝ ነበር።

መጽሐፉ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአደባባዩ ፈቅ ብሎ ባለ አዳራሽ ተመረቀ። እንዳትመጣ ብዬ ብዙ ምክንያት ደረደርኩላት፤ ኢክላስ ግን መጣች። ከየኮንዶሚኒየሙ የተሰበሰበው የድሮ ሰፈር ሰው እየተቃቀፈ ያለቅሳል። ኃይለማርያምን ወደ መድረክ ጠሩት። ሁለቱ ልጆቹ በግራና በቀኝ ክንዱን ይዘው ደረጃውን አወጡት፤ አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እኔም ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። መዳፌ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ።

ኢክላስ አላጨበጨበችም። መጽሐፉን ዓይኗ ሥር አስጠግታ አንድ ፎቶ ታያለች። ረቂቁ ላይ ያልነበረ ፎቶ ነው፤ ቡድኑ ዋንጫውን ይዞ ጭቃ ላይ ተንበርክኳል። ምስሉ ደብዝዟል፣ የመሃለኛው ልጅ ግማሽ ፊት ጥላ ውስጥ ነው፤ ከሥሩ «ኃይለማርያም፣ 9 ቁጥር» ተብሎ ተጽፏል።

«አባዬ» አለች ክንዴን ይዛ። «አባዬ፣ ይሄ አንተ ነህ እኮ! ጆሮህ! አገጭህ! ያኔ ስትነግረን የነበረው…»

ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነበር። መድረኩ ላይ ኃይለማርያም በክራንቹ ተደግፎ ወደኛ ረድፍ ያያል።

«እኔ አይደለሁም» አልኳት። «የዚያን ቀን ሱቅ ነበርኩ።»

«እና እስከዛሬ የምትለን ሁሉ?»

«ውሸት ነው።»

ፎቶውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ክንዴን ለቀቀችኝ። ይሄንን ወዲያው አመነችኝ።