የሻለቃው ቃል በስኳር አፍ

ሹፌሮቹ “ስኳር” ይሉታል። በሰላም አስከባሪዎቹ ቢሮ አስተርጓሚ ሆኖ ብዙም ሳይቆይ ነው ስሙ የወጣለት፤ ደግሞም ይገባዋል። ከሱ በፊት የነበረው አስተርጓሚ አንድ ስድብ እንዳለ ቢያስተላልፍ ድርድሩ ፈርሶ ክረምቱ በሙሉ በተኩስ አለፈ። ስኳር ግን ነገር ያበርዳል። አንዱ ወገን “እነዚያ ውሾች” ካለ፣ ከስኳር አፍ “ሌላው ወገን” ሆኖ ይወጣል። አለቆቹ አልጠረጠሩም ማለት ይከብዳል፤ ጥይቱ ዝም እስካለ ድረስ ግን ማን ይጠይቃል?

ታላቅ እህቱ በተከበበችው ከተማ ውስጥ ነበረች። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ስልኩ በሠራ ቁጥር ይደውልላታል።

“እትዬ፣ ሰው የሚያወጡት መኪኖች ሲመጡ እንዳትቀሪ።”

“ይቅርብኝ። ብሞትም ቤቴ ይሻለኛል።”

“መንገዱ ሰላም ነው እያልኩሽ!”

“አንተ ደግሞ! ማሰሮ ሰብረህ ‘ትንሽ ተሰነጠቀ’ የምትል ልጅ፣ ሰላም ነው ስትል ልመንህ?” ብላ ሳቀች። ሳቁ ትንፋሽ አሳጣት። የልብ መድኃኒቷ ካለቀ ሰንብቷል። “በል እሺ፣ አንተ ካልክ እመጣለሁ።”

መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊት የመጨረሻው ስብሰባ የተደረገው በተዘጋ ትምህርት ቤት፣ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነበር። መስኮቱ ተሰብሮ በላስቲክ ተሸፍኗል። ከጠረጴዛው ወዲህ ከውጭ የተላኩት አደራዳሪ ሽማግሌ፣ ከወዲያ ደግሞ የከተማዋን መውጫ ድልድይ የያዘው የአማፂያኑ ሻለቃ ተቀምጠዋል። የመንግሥት ጦር ሲቪሎቹ እንዲወጡ ፈቅዷል፤ የቀረው የሻለቃው ቃል ብቻ ነው።

“የበላዮቼ ስለደወሉ እሺ ብያለሁ” አለ ሻለቃው። “ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ድልድዩ ላይ ያሉት ልጆች ወንድሞቻቸውን ገና መቅበራቸው ነው። እኔንም አይሰሙኝም። ነገ መኪና ካዩ ይተኩሳሉ። አንድ ሳምንት ስጡኝና በሌሎች ልቀይራቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።”

ስኳር ጉሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌውን ያውቃቸዋል፤ “አይሰሙኝም” የምትለዋን ከሰሙ ቦርሳቸውን ዘግተው ይነሳሉ፣ ሳምንቱም ወር ይሆናል። የእህቱ ልብ ወር አይጠብቅም። ደግሞስ ስንቱ ፎካሪ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዝቶ ዝቶ በሰላም ሄዷል!

“ሻለቃው ተስማምተዋል” አለ በሽማግሌው ቋንቋ። “ልጆቹ ሐዘን ላይ ስለሆኑ ድልድዩ ላይ ጥንቃቄ ቢደረግ ይወዳሉ። ትንሽ ጊዜ ቢያገኙም አይጠሉም።”

“ነገ ጠዋት ይሁን” አሉ ሽማግሌው።

ስኳር ወደ ሻለቃው ዞረ። “ነገ ጠዋት ይሁን ብለዋል። ልጆቹን እርስዎ እንደሚይዙልን ያምናሉ።”

ሻለቃው አፈጠጠበት። “ያልኩትን ሁሉ ሰምተው ነው?”

“ሰምተዋል።”

“እንግዲህ እኔ ተናግሬያለሁ” አለና ተነሳ።

በማግስቱ የመጀመሪያው መኪና ድልድዩን ተሻገረ። ሁለተኛው አልተሻገረም። ከሰዓት በኋላ የፊተኛው መኪና ሹፌር ወደ ቢሮው ግቢ ገባ፤ ሸሚዙ ላይ የሌላ ሰው ደም ነበር። ስኳርን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። ያን ቀን ስኳር ብሎ አልጠራውም። “ወንድሜ” አለው።

ስኳር የግቢው አጥር ሥር ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከእህቱ ቀብር መልስ ቤትህ ዕረፍ ቢሉት እንቢ አለ። ሌላ አስተርጓሚም አልነበረም።

ያው ቢሮ፣ ያው ጠረጴዛ። ሽማግሌው ፊታቸው አመድ መስሏል። ሻለቃው አልቀመጥም አለ።

“አይሰሙኝም አላልኩም? አንድ ሳምንት ስጡኝ ብዬ አልለመንኩም?” ድምፁ ተሰበረ። “እኔም እኮ ሰው ነኝ!”

“ምን አለ?” አሉ ሽማግሌው።

“በደረሰው ነገር እጅግ አዝነዋል” የሚለው ቃል ስኳር አፍ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ቢለው ሁለቱም ያምኑት ነበር። እህቱ ትዝ አለችው፤ “ትንሽ ተሰነጠቀ” እያለች ስትስቅበት።

ቃሉን እንዳለ ተረጎመው፤ አይሰሙኝምን፣ ሳምንቱን፣ ልመናውን።

ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። “ይህን ለእኔ ማንም አልነገረኝም!”

ስኳር ይህንንም እንዳለ ለሻለቃው ተረጎመለት። ሻለቃው ሽማግሌውን አየ፤ ሽማግሌው ሻለቃውን አዩ።

“ታዲያ ቃሌን ማን በላው?” አለ ሻለቃው።

“እኔ” አለው ስኳር። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ ጥያቄውንም መልሱንም በሳቸው ቋንቋ ነገራቸው፤ ምንም አልቀነሰም።